ብርቁ መኪናና ቀላሉ ክር

የመኪና ፍቅር ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ከጂቡቲ ተነሥቶ፣ በረሃውን አቋርጦና ዳገቱን ወጥቶ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ ባስገባ ጊዜ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ተቀምጠውበታል። ንጉሠ ነገሥቱ የአዲስ መሣሪያ ወዳድ መሆናቸው የታወቀ ነውና ይህ አያስደንቅም።

ዛሬ ግን ፍቅሩ መልኩን ለውጧል። በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች መካከል የሚያድገው ተማሪ መኪናን የሚያውቀው ከመንገድ ይልቅ ከእጅ ስልኩ ነው፤ የሚያውቀውም በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ አንድ ቀን እንኳ ሲያልፍ ያላየውን ዓይነት ነው። የሞተሩን ጉልበት፣ የፍጥነቱን ልክ፣ የዋጋውን ብዛት እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ጠዋት ወደ መገናኛ የሚወስደውን ታክሲ ለመያዝ በተሰለፈበት ቦታ ከጓደኛው ጋር የሚከራከረው ስለዚሁ ነው። ቀድሞት ተመርቆ በመሥሪያ ቤት ወንበር የያዘው ታላቅ ወንድሙም ከዚህ ክርክር የራቀ አይደለም፤ ልዩነታቸው ታናሹ የሚያልመው ቀይ መኪና ሲሆን ታላቁ የሚያልመው ነጭ መሆኑ ነው። ስለ ነጩ ኋላ እንመለስበታለን።

ይህን ስናነሣ ወጣቱን ለመንቀፍ አይደለም። በሰው ብልኃት የተሠራ ውብ መሣሪያ አይቶ ልቡ የማይነሣሣ ወጣት ቢኖር ይልቁን ለእርሱ እናዝናለን። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለን፤ ይኸውም የምናደንቀው ምኑን ነው? ብርቅነቱን ነውን ወይስ ጥበቡን? ሁለቱ ተጣብቀው ስለሚመጡ አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም።

ለአብነት የአሜሪካውን ፎርድ ጂቲ እንውሰድ። የፎርድ ኩባንያ ይህን መኪና በፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 በዲትሮይት የመኪና ትርኢት ላይ አሳይቶ፣ ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ለገዢዎች ማስረከብ ጀመረ፤ በ2022 መጨረሻም ሥራው ተፈጸመ። በመጀመሪያ 500 ያህል ብቻ ይሠራል ተብሎ ነበር፤ ፈላጊው ስለ በዛ ሁለት ጊዜ ተጨምሮ 1,350 እንዲሆን ተወሰነ። ዋጋው ከ400,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ሲሆን ገንዘቡን የያዘ ሁሉ ሄዶ የሚገዛው አልነበረም። ገዢው ማመልከቻ መጻፍ ነበረበት። ለመጀመሪያዎቹ 500 መኪናዎች ከ6,500 የሚበልጡ ሰዎች አመለከቱ። በእኛ አገር ወጣቱ ማመልከቻ የሚጽፈው ገንዘብ ለማግኘት ነው፤ ለካ ገንዘብ ለማውጣትም ማመልከቻ የሚጻፍበት አገር አለ! የተመረጠው ሰው ደግሞ መኪናውን እስከ ሁለት ዓመት እንዳይሸጥ ውል ይገባል። ጆን ሲና የተባለው ስመ ጥር የትግል ተጫዋችና የፊልም ተዋናይ ውሉን አፍርሶ ሸጠ ተብሎ በ2017 በኩባንያው ተከሶ ነበር፤ ጉዳዩ በ2018 በስምምነት አለቀ።

አሜሪካዊ ይባል እንጂ መኪናው የተገጣጠመው በካናዳ አገር፣ በኦንታሪዮ ክፍል፣ ማርክሃም በምትባል ከተማ ነው። ይህን ያነሣነው ለማሳነስ አይደለም። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያውቁት እጆች በዓለም ላይ ጥቂት መሆናቸውንና ታላቁ ፎርድ እንኳ የሚያውቅ ባለሙያ ፍለጋ ከአገሩ ድንበር መውጣቱን ለማመልከት ነው።

የፎርድ መኪናዎች በ1966 በፈረንሳይ አገር ለ24 ሰዓት በሚካሄደው የለ ማን እሽቅድምድም ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ተከታትለው ገብተው ነበር። ልክ በ50ኛው ዓመት በ2016 አዲሱ ጂቲ በዚያው ስፍራ በምድቡ አሸነፈ። በእኛ ግምት የዚህ መኪና ክብር በዚህ ይመዘናል እንጂ በአመልካቹ ብዛት አይደለም። ሊበዛ የሚችለውን ነገር ሆን ብሎ አሳንሶ መሸጥ የነጋዴ ዘዴ ነው፤ የሚያስደንቅም ቢሆን ለንግድ ተማሪ ነው። የመሐንዲሱ ድርሻ ሌላ ነው። የቀድሞው የአሜሪካ ልማድ ፈጣን መኪና በተፈለገ ጊዜ ታላቅ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር መጫን ነበር። ይህኛው ግን 3.5 ሊትር የሆነ ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር ይዞ 647 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ በሰዓትም እስከ 347 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ነዳጅና ዘይት ሳይሞላበት የሚመዝነው 1,385 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ሰው የሚቀመጥበት ዋና አካሉም ሆነ የውጭ ልብሱ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ነውና።

ካርቦን ፋይበር የሚባለው ከምን እንደሚሠራ ብዙ ሰው አይጠይቅም። መነሻው ክር ነው። ፖሊአክሪሎናይትሪል የሚባል ሰው ሠራሽ ክር፣ ሹራብ ከሚሠራበት የአክሪሊክ ክር ጋር የቅርብ ዘመድ የሆነው፣ አስቀድሞ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት በአየር ውስጥ ይጠበሳል፤ ቀጥሎም ኦክሲጅን በሌለበት ምድጃ ከ1,000 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ይከስላል። ኦክሲጅን ስለሌለ አይነድም፤ ከካርቦን በቀር ሌላው ሁሉ ለማለት ይቻላል እየተነነ ይወጣል። በገጠር እንጨት በአፈር ታፍኖ ሲከስል ያየ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸግረውም። በመጨረሻ የሚቀረው ጥቁር ክር ከሰው ጠጕር በአሥር እጅ ያህል የቀጠነ ነው፤ ሲጎተት ግን ብረትን ያስንቃል።

ነገር ግን ክር ብቻውን አካል አይሆንም። እንደ ሸማ ድርና ማግ ሆኖ ይሸመናል፤ ጨርቁም ኤፖክሲ በሚባል ሙጫ ተነክሮ በቅርጽ ማውጫው ላይ አንዱ በአንዱ ላይ ይነጠፋል፤ ከዚያም ብርቱ ሙቀትና ግፊት ባለበት ዝግ ምድጃ ገብቶ ይጠነክራል። ሸማኔ ጥለቱ በየት በኩል እንደሚያልፍ አስቀድሞ እንደሚያስብ ሁሉ መሐንዲሱም ክሩ በየት አቅጣጫ እንዲሄድ አስቀድሞ ያስባል፤ የዕቃው ጥንካሬ ክሩ በሄደበት አቅጣጫ ነውና።

አሳቡ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭድም ብቻውን ግድግዳ ሆኖ አይቆምም። ሁለቱ በአንድነት ተረግጠውና ተቦክተው ሲመረጉ ግን ቤት ይሆናሉ። ጭቃው ጭዱን በቦታው ይይዘዋል፤ ጭዱም ጭቃው እንዳይሰነጠቅ ይከለክለዋል። በካርቦኑ ዕቃ ክሩ በጭዱ ፈንታ፣ ሙጫው በጭቃው ፈንታ ነው። ፈረንጆቹ ምርጊቱን በላቦራቶሪ አጣሩት እንጂ የነገሩን መሠረት ጭቃ የሚያቦካ ገበሬያችን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። (ይህን ብለን «እኛ ቀድመን ሠርተነው ነበር» ወደሚለው ወሬ ለመግባት አንፈልግም። ምርጊት ምርጊት ነው፤ አይበርም።)

አሁን ወደ ሚዛኑ እንምጣ። አንድ ሊትር መያዣ የሚሞላ ብረት ስምንት ኪሎ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። በዚያው ልክ ያለ አሉሚኒየም 2.7 ኪሎ ይመዝናል። የካርቦኑ ዕቃ ግን 1.6 ኪሎ ያህል ነው። የመኪናው ምሥጢር ይኸው ነው፤ የእሽቅድምድም ሰዎች ይህን ካወቁ ቆይተዋል። የእንግሊዙ ማክላረን ኩባንያ በ1981 አካሉ ከካርቦን የሆነ የመጀመሪያውን የፎርሙላ 1 መኪና ባወጣ ጊዜ ዋናው አካል የተሠራው በአሜሪካ፣ በዩታ ክፍል፣ የሮኬት ዕቃ በሚሠራ ፋብሪካ ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለየካ አባዶ ምኗ ነው? የሚል አንባቢ ቢኖር ቀና ብሎ ሰማዩን ይመልከት እንለዋለን። ፎርድ ጂቲ በመንደራችን አያልፍም፤ ካርቦን ፋይበር ግን በየቀኑ ወደ ቦሌ ይወርዳል፤ ከቦሌም ይነሣል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን ቦይንግ 787 ድሪምላይነር በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ተረክቦ ሲያመጣ በአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር፤ ከጃፓን ውጭም ይህን አይሮፕላን በማብረር የቀደመው አልነበረም። ከአይሮፕላኑ ክብደት ግማሽ ያህሉ ከዚሁ ክርና ሙጫ የተሠራ ነው። ገላው እንደ ቀድሞው አይሮፕላን ብዙ ሰሌዳ አሉሚኒየም በብዙ ሺህ ሚስማር ተጣብቆ የተሠራ ሳይሆን፣ የካርቦኑ ጥብጣብ እንደ ልቃቂት በቅርጽ ማውጫ ላይ ተጠምጥሞ፣ በርሜል በርሜል ሆኖ የወጣ ነው። በሰኔ 2008 ዓ.ም. የመጣው ኤርባስ ኤ350ም በአፍሪካ የመጀመሪያው ሲሆን ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሆነው እንዲሁ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ነገሩ ከዚህ ጀምሮ የእኛ ነውና። ቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አየር ሲሳሳ ክንፍ የሚደገፍበት ይቀንሳል፤ ሞተርም ኃይሉ ይደክማል። ስለዚህ ከቦሌ የሚነሣ አይሮፕላን በአውሮፓ ባሕር ዳር ከሚገኝ ሜዳ እንደሚነሣው አቻው ጭነትና ነዳጅ አሟልቶ ሊነሣ አይችልም። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ ለዓመታት በመንገድ ላይ ለነዳጅ ማረፍ ሲገባው፣ ከዋሽንግተን የሚመለሰው ግን ሳያርፍ አዲስ አበባ ይገባ እንደ ነበር መንገደኛ ሁሉ ያውቃል። ነፋሱ ከኋላ ማገዙ አንድ ነገር ነው፤ ዋናው ግን የቦሌ ከፍታ ነው። በቢሾፍቱ አቅራቢያ በአቡሴራ የታቀደው አዲስ አየር ማረፊያ ከቦሌ ዝቅ ያለ ስፍራ የተመረጠለትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

እንግዲህ የአይሮፕላኑ አካል በአንድ ኪሎ በቀለለ ቍጥር፣ ከቦሌ ሲነሣ አንድ ኪሎ ጽጌረዳ ወይም ቡና ወይም ነዳጅ ይጨመራል ማለት ነው። ለአሜሪካዊው ሀብታም የካርቦን ክር ከጓደኛው በሁለት ሰከንድ ቀድሞ ለመድረስ ነው። ለእኛ ግን ከተራራ ላይ ተነሥቶ ዓለምን ለመድረስ ነው። ከሁለቱ የትኛው ክር ውድ እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ሌላም አለ፤ ይህኛው ደስ ስለሚለን እንጨምረዋለን። አይሮፕላን ወደ 12,000 ሜትር ከፍታ ሲወጣ መንገደኛው እንዲተነፍስ በውስጡ አየር ይነፋበታል። አሉሚኒየም በየቀኑ እየተነፋና እየሟሸሸ ሲኖር፣ ደጋግሞ እንደሚታጠፍ ሽቦ ይደክማል፤ ስለዚህ አየሩ በልክ ይነፋበታል፤ መንገደኛውም እስከ 2,400 ሜትር በሚደርስ ተራራ ላይ እንዳለ ሰው ሆኖ ይጓዛል። የካርቦኑ አካል ግን ይህን ድካም ስለሚችል አየሩ በብዛት ይነፋበታል፤ በውስጡ ያለው ሰው ከ1,800 ሜትር ብዙ በማይበልጥ ከፍታ፣ ማለትም በባሕር ዳር ከተማ እንዳለ ሆኖ ይተነፍሳል። ከቦሌም ከፍ ካለችው የካ አባዶ ተነሥቶ ድሪምላይነር የሚሳፈር ሰው፣ በደመና ላይ እየበረረ ከቤቱ ሰገነት ይልቅ የወፈረ አየር ይስባል ማለት ነው።

ሆኖም ይህ ክር እንከን የለሽ ነው ብለን ተማሪውን አናታልልም። ላሜራ ሲመታ ይጎደጉዳል፤ ባቲላሜራው መዶሻውን ይዞ ይመጣና ያቃናዋል። የካርቦን ዕቃ ግን ሲመታ ላዩ ደኅና መስሎ ውስጡ ተለያይቶ ሊገኝ ይችላል። ጉዳቱን ለማየት በጆሮ የማይሰማ ድምፅ ልኮ የሚመልሰውን ማዳመጥ ያስፈልጋል። ከተሰበረም በኋላ እንደ ብረት ቀልጦ ዳግመኛ አይሠራም።

የእኛው አየር መንገድ ይህን ትምህርት በከባድ መንገድ አይቶታል። በሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ለንደን ሂትሮው ላይ ሰው ሳይኖርበት ቆሞ የነበረ አንድ ድሪምላይነሩ በጅራቱ በኩል እሳት ተነሣበት። የእንግሊዝ መርማሪዎች ምክንያቱን ሲያጠኑ፣ አይሮፕላን ሲወድቅ ጥሪ እንዲያሰማ የተገጠመው ትንሽ የራዲዮ መሣሪያ ሽቦው ተጨፍልቆ፣ የሊቲየም ባትሪው መቃጠሉን አገኙ። እሳቱ ከባትሪው ወደ ጣራው ተዛምቶ፣ ክሩ ሲቀር ሙጫውን ቀስ በቀስ በላው። ከዚያ በፊት በዚያው ዓመት በዓለም ያሉት ድሪምላይነሮች ሁሉ በሌላ ባትሪ ምክንያት ከበረራ ታግደው እንደ ነበር ይታወሳል። እገዳው ሲነሣ በሚያዝያ 19 ቀን 2005 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ በረራ በማድረግ መንገደኛ ይዞ ሰማይ የወጣው የመጀመሪያው የእኛ አየር መንገድ ነበር። በሂትሮው የተቃጠለው አይሮፕላንም አልተጣለም። የተጎዳው ጣራ ተቆርጦ በአዲስ ካርቦን ተተክቶለት፣ በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ጠጋኞቹ ግን ከቦይንግ የመጡ ነበሩ። የጠጋኙ ዕውቀት ለአገራችን ከመኪናው ይልቅ የሚያስፈልገው ሀብት ይህ ነው ብለን እናምናለን።

አሁን ስለ ነጩ መኪና እንናገር። ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ከእድገት ጋር ይመጣል ብሎ ተስፋ የሚያደርገው፣ የከተማችን ሰው በሞተሩ ስም «ቪኤይት» ብሎ የሚጠራው ታላቅ መኪና ሁለት ተኩል ቶን ያህል ይመዝናል። ለገጠር ሥራ፣ ለድንጋዩና ለጭቃው መንገድ፣ የተመሰገነ መኪና ነው፤ በዚህ አንከራከርም። ነገር ግን ከአያት እስከ አራት ኪሎ በአስፋልት ላይ አንድ 70 ኪሎ የሚመዝን ሹም ለማድረስ ሁለት ተኩል ቶን ብረት መንዳት ከምን የመጣ ሒሳብ ነው? ቀይዋ የእሽቅድምድም መኪና እንኳ ከዚህ ግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው የምትመዝነው። ነዳጁ በሙሉ ከውጭ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ መሆኑን ደግሞ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ክብደት ክብር የሚመስለን ከሆነ፣ ከአሜሪካው መኪና ፎቶግራፉን እንጂ ቁም ነገሩን አልወሰድንም።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ የክብደት ጉዳይ ይልቁን ብሷል። ባትሪ ከባድ ነውና። የጀርመኑ ቢኤምደብልዩ ኩባንያ ከ2013 እስከ 2022 የሠራት አይ3 የተባለች ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ይህን ችግር የፈታችው በዚሁ ክር ነው፤ የባትሪውን ክብደት ለማካካስ ሰው የሚቀመጥበትን ክፍል ከካርቦን ሠሩላት። ይህች መኪና ለአንድ ሺህ ባለጠጋ የተወሰነች አልነበረችም፤ ብዙ ሰው የነዳት የከተማ መኪና ናት። ክሩ የተጓዘውን መንገድ ብንከተል ደግሞ የሚያስተምረን አለ። ጥሬው ክር በጃፓን ይሠራ ነበር፤ ከዚያ ባሕር ተሻግሮ በአሜሪካ ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ሞዝስ ሌክ ወደምትባል ከተማ ሄዶ ይከስል ነበር፤ ከዚያም ለሽመናና ለቅርጽ ጀርመን ይገባ ነበር። ለምን በሞዝስ ሌክ? እዚያ ከወንዝ ግድብ የሚገኝ ርካሽ የኤሌክትሪክ ኃይል ስላለ ነው። ክሩን ማክሰል ብዙ ኃይል ይበላልና።

ታላቁ የሕዳሴ ግድባችን በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ኃይሉ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ይህን ከሞዝስ ሌክ ጎን ስናስቀምጥ ነገ ጠዋት የካርቦን ፋብሪካ ይቋቋም ማለታችን አይደለም። የጥሬው ክር ጥራት ከኤሌክትሪኩ ይልቅ የሚከብድ መሆኑን፣ ገበያውም ጠባብ መሆኑን እናውቃለን። በቶሎ የሚነገር ትልቅ ዕቅድ ስንት ጊዜ በወረቀት ላይ እንደ ቀረ ስለ ታየ፣ እዚህ ላይ ዝግ ማለት ይሻላል። ነገር ግን ከዚያ በታች ያለ፣ እጃችን የሚደርስበት ሥራ አለ። እንሰትና ቃጫ ጠንካራ ጭረት ይሰጣሉ። በአውሮፓ ተልባና ቃጫ ከሙጫ ጋር ተዋሕደው የመኪና በር ውስጠኛ ልብስ ከሆኑ ዘመን አልፏል። የአገራችንም ተመራማሪዎች የእንሰትን ጭረት ከሙጫ ጋር እያዋሐዱ ጥንካሬውን ለክተዋል፤ ጽሑፉም በሊቃውንት መጽሔቶች ታትሟል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት ክፍል ስለ ክር የሚያውቁ ሰዎች አሉ፤ በቦሌ የአይሮፕላን ጥገና ስለ ካርቦን አካል የሚያውቁ ሰዎች አሉ፤ በከተማችን ጋራዦች ደግሞ የተሰበረ መከላከያ በፋይበርና በሙጫ የሚጠግኑ፣ በትምህርት ቤት ያልተማሩ ብልኆች አሉ። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ የአውቶቡስ ወንበርና የውስጥ ግድግዳ ቀላል አድርጎ ለመሥራት የውጭ አገር ሊቅ መጥራት ያስፈልግ ይሆን? ሦስቱን ለማገናኘት የሚያስፈልገው አንድ ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤ መጻፍ ደግሞ የወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ሙያ ነው።

ተማሪው በበኩሉ ስልኩ ላይ ያለውን ቀይ መኪና አይሰርዝ። ሥዕሉን ሲያይ ግን ከፈረስ ጉልበቱ ጋር ክብደቱን ይያዝ፤ የመጀመሪያውን በሁለተኛው ያካፍል፤ ቀጥሎም በየጠዋቱ የሚሳፈርበትን ሚኒባስ ክብደት ጠይቆ በመንገደኛው ቍጥር ያካፍል። ውጤቱ ያስደንቀዋል ብለን እንገምታለን፤ ማን እንደሚያሸንፍም አስቀድመን አንነግረውም።

ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ያለን ጥያቄ ከዚህ ያነሰ ነው። በጋዜጣችን የሚወጡት የተሽከርካሪ ግዥ ጨረታዎች የሞተሩን ኃይል፣ የወንበሩን ቍጥር፣ አንዳንድ ጊዜም የወንበሩን ቆዳ ሳይቀር ይዘረዝራሉ። በሚመጣው ጨረታ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ ተሽከርካሪው ባዶውን ስንት ኪሎ ይመዝናል? ከሁለት ተሽከርካሪዎች በሌላው ሁሉ እኩል ከሆኑ፣ ቀላሉ ይቅደም።